የበረሃው ገድል በዐሥራ ሦስት ክፍል፦ «ባሳራ» ከዲማና ከሞጣ ሲታይ

ታላቅ ገድልን በአጭር ሥራ መተረክ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጥበብ ቢሆንም፣ ያሳጠረ ሁሉ እኩል አሳጠረ ሊባል አይቻልም፤ አንዱ የነገሩን ፍጻሜ በኅሊናው ይዞ መንገዱን ሲያሳጥር፣ ሌላው ጊዜው ወይም ገንዘቡ ባለቀበት ስፍራ ቆሞ የቀረውን ለሰሚው ግምት ይተዋልና። ይህን ልዩነት አጉልተው ከሚያሳዩት የዘመናችን ሥራዎች አንዱ «ባሳራ» የተባለው የጃፓን ድርሰት ነው። ዩሚ ታሙራ የተባሉት ሠዓሊና ደራሲ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምረው በልጃገረዶች መጽሔት ላይ ስምንት ዓመት ያህል እየጻፉና እየሣሉ፣ በመጨረሻ የተጨመሩትን የጎን ታሪኮች ጨምሮ በ27 ጥራዝ የፈጸሙት ይህ ማንጋ፣ ማለት በሥዕል የሚነበብ ረጅም ልብ ወለድ፣ በአገሩ ከፍ ብለው ከሚታዩት ሽልማቶች አንዱን፣ የሾጋኩካንን ሽልማት አግኝቷል። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ13 ክፍል የቴሌቪዥን አኒሜ ሆኖ ቀረበ። ወደ 5,000 ገጽ የሚጠጋው ሥዕል በአምስት ሰዓት ያህል ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲተካ ምን እንደ ተረፈና ምን እንደ ጎደለ መመርመር የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ሲሆን፣ የምርመራው መለኪያ ግን ከጃፓን ሐያስያን የተወሰደ ሳይሆን ቅኔ ሲቆጠርና ሲዘረፍ በኖረበት፣ ገድልም በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሲሣል በኖረበት በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ምድር የተለመደው መለኪያ ነው።

የድርሰቱ ዓለም፣ ሥልጣኔ ከጠፋ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈበት፣ የጃፓንም ምድር በብዙ ወገኑ አሸዋ የለበሰበት ዘመን ነው። ንጉሡ በኪዮቶ ተቀምጦ ግዛቱን ለአራት ልጆቹ አካፍሏል፤ ሕዝቡ በግፍ ይገዛል፤ ባሪያ በገበያ ይሸጣል። በዚህ መካከል ብያኮ በምትባል የበረሃ መንደር መንትዮች ይወለዳሉ፤ ናጊ የተባለ ዓይነ ስውር ነቢይም የዕድል ልጅ መወለዱን ይናገራል። መንደሩ ግን ከሁለቱ ማንኛው እንደ ሆነ መጠየቅ እንኳ ሳያስፈልገው፣ ወንድ መሆኑ ብቻ በቂ ምስክር ሆኖለት፣ ትንቢቱን ለታታራ ሰጥቶ እኅቱን ሳራሳን ከጥላው በታች ይተዋታል። መንትዮቹ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከንጉሡ ልጆች የአንዱ፣ የቀዩ ንጉሥ ጭፍራ መንደሪቱን አቃጥሎ ታታራን አንገቱን ይቀላዋል። ሕዝቡ ተስፋው እንደ ሞተ አይቶ ሲበተን፣ ሳራሳ ጠጕሯን ቆርጣ፣ የወንድሟን ልብስ ለብሳ፣ በወንድሟ ስም ትነሣለች፦ የሞተችው ሳራሳ ናት፤ ታታራ ግን በሕይወት አለ ትላለች። የናጊ ትንቢት የተነገረውም ከመጀመሪያው ለእርሷ እንደ ነበረ የምትረዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህች ልጅ በአንድ ወገን ታታራ ሆና ቀዩን ንጉሥ ለመግደል ሠራዊት ስትሰበስብ፣ በሌላ ወገን በፍል ውሃ አጠገብ ሳራሳ ሆና ሳለች ሹሪ የሚባል ጐልማሳ አግኝታ ትወደዋለች። ቀዩ ንጉሥ እርሱ ነው። እርሱም ታታራ የተባለውን ሽፍታ አድኖ ለማጥፋት የማለ ሰው ሲሆን፣ የወደዳት ልጅ ማን እንደ ሆነች አያውቅም። አንባቢ ሁለቱንም ያውቃል፤ እነርሱ ግን አይተዋወቁም። ሃያ ሰባቱ ጥራዝ በሙሉ፣ ጦርነቱም፣ የአራት ሰይፎች ፍለጋውም፣ በየአገሩ የሚገኙት ወዳጆችና ጠላቶችም ሁሉ፣ በዚህ ባለመተዋወቅ ላይ የቆሙ ናቸው።

የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ እንደ እንግዳ ነገር አይቀበለውም። አንደኛ፣ በረሃ ማለት ለእርሱ የአሸዋ ክምር ሳይሆን ከደጋው ጫፍ ቁልቁል የሚታየው የዓባይ ቈላ ነው፤ የተበደለ ሰው ጠመንጃውን አንሥቶ የሚወርደው፣ ነጋዴም ነፍሱን ለአምላኩ አደራ ሰጥቶ የሚሻገረው ወደዚያ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ በቢቸናና በአካባቢው ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ፣ ሕዝቡ ይሰበሰብ የነበረው በሰውየው ብቻ ሳይሆን በፈረስ ስሙም ጭምር ነበርና፣ ሳራሳ የሟች ወንድሟን ስም እንደ ዓርማ ማንሣቷ ለዚህ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይልቅ የጠነከረ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚሁ ምድር ገድል ነው። የማንኩሳው በዛብህ ቅኔ የተማረው ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት ጠፍታ የወደደችውን ፍለጋ ወደ ዓባይ ስትወርድ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። አንዲቱ በጦረኛ ወንድሟ ልብስ፣ ሌላይቱ በባሕታዊ ቀሚስ፤ ሁለቱም ሴት ሆነው መንገድ መውጣት በተከለከሉበት ዓለም ልብስ ለውጠው በረሃ ገቡ። በሁለቱም መጻሕፍት ከፍቅሩ ጀርባ የግብር ነገር አለ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ያለፈ ግብር ጠይቀው ባላገሩ እምቢ ሲል ዘምተውበት፣ በባላገሩ መሪ በአበጀ በለው እጅ መማረካቸው፣ ከቀዩ ንጉሥ ጭፍሮችና ከተነሡባቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር የአንድ ዘር ታሪክ ይመስላል።

እንግዲህ ወደ መለኪያው እንምጣ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር ሥራውን የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ቤት በመሆኑ ግን ማንም ጎደሎ ነው ብሎ አያውቅም፤ ሰሙም ወርቁም በዚያች ጠባብ ስፍራ ገብተው ይፈጸማሉና። መወድስ በአንጻሩ ስምንት ቤት ነው። አንድ ተማሪ መምህሩ ፊት ቆሞ መወድስ ጀምሮ በአራተኛው ቤት ላይ ዝም ቢል፣ አራት ቤት ያለው አጭር ቅኔ ዘረፈ አይባልለትም፤ ምሥጢሩን የሚፈታው የኋለኛው ቤት ነውና እስከዚያ የሰበሰበው ቃል ሁሉ ዕዳ ሆኖ በላዩ ይቀራል። የ«ባሳራ» አኒሜ ዕጣ ይህ ነው። ዐሥራ ሦስቱ ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥራዞች ርቀው አይሄዱም፤ ልጅቱ ስትነሣ፣ ወዳጆቿን ስታገኝ፣ በፍል ውሃው ዳር ስትወድድ እናያለን፤ ከዚያም ጉዞው ገና ሳለ ሥራው ያበቃል። ሁለቱ ወዳጆች በጦር ሜዳ ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ፍቅርና ደም በአንድ ሰው ፊት ላይ የሚገናኙበት፣ ታሪኩ ሁሉ የተጻፈለት ያ ሰዓት በአኒሜው ውስጥ የለም።

ይህ የሆነው ፍጻሜው ገና ባለመጻፉ ነው እንዳይባል፣ ማንጋው የተፈጸመው አኒሜው በቀረበበት በዚያው ዓመት ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን መርሐ ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ በየሦስት ወሩ ያድሳል፤ በሳምንት አንድ ክፍል ሲቀርብ ሦስት ወር ማለት ዐሥራ ሦስት ሳምንት ነው። ስለዚህ ዐሥራ ሦስት የሚለው ቍጥር ከታሪኩ ባሕርይ የተገኘ ሳይሆን ከመርሐ ግብሩ ሠንጠረዥ የመጣ ነው። የተሰጠ ስፍራ ጠባብ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ የጉባኤ ቃናም ስፍራ በሥርዓት የተሰጠ ነው። ነውሩ ስፍራው ዐሥራ ሦስት እንደ ሆነ እየታወቀ ነገሩ እንደ ሃምሳ ሁለት ተደርጎ መጀመሩ ነው። ማንጋው በዝግታ የዘረጋውን መንገድ አኒሜው ለመጨረስ ሐሳብ ሳይኖረው በዚያው ዝግታ ተከተለው።

ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ፈርሶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን የሁለቱ አገር ሰዎች በግራና በቀኝ በተሰለፉ ጎበዛዝት ኃይል፣ በገመድ እየተጎተቱ ከውሃው በላይ ተንጠልጥለው ይሻገሩ ነበር። የ«ባሳራ»ን አኒሜ የወደደ ተመልካችም እንደዚሁ ነው፤ ሥራው መካከል ላይ ሲቀርበት የቀረውን ከጥራዞቹ በራሱ ጕልበት ይሻገራል። የሚሻገርም ብዙ ነው። ይህ የተመልካቹን ፍቅር የሚያስመሰግን እንጂ የሠሪዎቹን ሥራ የሚያጸድቅ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ኦሪትም ቢሆን የሚፈጸመው እስራኤል ምድረ ርስትን ሳይወርሱ ነው፤ ሙሴ አርባ ዓመት በበረሃ መርቶ በናባው ተራራ ላይ ምድሪቱን በሩቁ አይቶ ይሞታል፤ ታዲያ አምስቱ ብሔረ ኦሪት ጎደሎ ናቸውን? አይደሉም። ነገር ግን ጎደሎ የማያሰኛቸው ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያሻል። ሙሴ ምድሪቱን ያያል፤ አንባቢውም ከእርሱ ጋር ሆኖ ያያል፤ የእርሱ መከልከልም በመሪባ ውሃ ዘንድ ከሠራው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ሞቱ የታሪኩ መቋረጥ ሳይሆን የታሪኩ ፍርድ ነው፤ መሪነቱም በዐይናችን ፊት ወደ ኢያሱ ይተላለፋል። መንገድ መካከል ላይ የሚቆም ሥራ ሙሉ ሊሆን የሚችለው የቀረውን መንገድ ከአንድ ከፍታ ላይ ሲያሳይ ነው። የአኒሜው ሠሪዎች መተዋወቁን ማድረስ ባይችሉ እንኳ፣ የሚመጣውን መከራ በአንድ ሕልም፣ ወይም በዓይነ ስውሩ ነቢይ አፍ አሳይተው ሊያቆሙ ይችሉ ነበር፤ ናጊን የመሰለ ነቢይ በእጃቸው እያለ ይህን አለማድረጋቸው ያሳዝናል።

ስለ አተራረኩ ይህን ካልኩ ስለ ሥዕሉ ደግሞ በሰፊው መናገር ይገባል፤ የአኒሜው መልካምነት የሚገኘው በዚህ ወገን ነውና። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ሥዕል መሣል ግን ብዙ እጅና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 እ.ኤ.አ. «አስትሮ ቦይ»ን በቴሌቪዥን ካስጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ የጃፓን ሠሪዎች አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እየደገሙ፣ በሴኮንድ ስምንት ሥዕል ብቻ ማሳየትን ልማድ አደረጉ። ከዚያም አልፈው፣ ሰውዬውን እንዳለ አቁመው አፉንና ዓይኑን ብቻ ማንቀሳቀስን፣ ወይም ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ አንድ ሰፊ ሥዕል ሠርተው መሣሪያውን በላዩ ላይ ቀስ ብሎ ማሳለፍን ተማሩ። ይህ ከድህነት የተወለደ ዘዴ ሲሆን፣ ብልህ እጅ ሲያገኝ ግን ድህነቱ ይረሳል። «ባሳራ» ብዙ ገንዘብ ያልፈሰሰበት ሥራ መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ ቢሆንም ሳራሳ ጠጕሯን የምትቆርጥበትን የመሰለ ትዕይንት ብዙ እንቅስቃሴ አይፈልግም። የሚቃጠል መንደር ከኋላ፣ የሚወድቅ ጠጕር ከፊት፣ በመካከሉም አልቅሶ ያበቃ ዓይን፤ ይህ በቂ ነው።

የእኛ አገር ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ቆሞ የሚተርክ ሥዕል ሲያይ ኖሯልና። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ ገድሉ በየሳጥኑ ተከፋፍሎ ይሣላል፤ የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ ሳይሆን ተመልካቹ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ቤተ መቅደሱን ሲዞር ታሪኩ በእግሩ ይፈጸማል። የሰዎቹም አካል ጸጥ ያለ ነው፤ ነፍስ ያላቸው ትልልቅ ዓይኖቻቸው ናቸው። የጃፓን ማንጋ ሠዓሊዎች፣ በተለይ ለልጃገረዶች የሚሥሉት፣ ዓይንን ከመጠን በላይ አስፍተው ስሜትን ሁሉ በእርሱ ውስጥ ማኖራቸውን የማያውቅ ሰው እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ በጎንደር ዘመን ሥዕሎች መካከል ያደገ ሰው ግን ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ከዓይን ነገር ሳንወጣ፣ በሥዕላችን ሥርዓት ጻድቃን በሙሉ ፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ከሓድያንና ኃጥኣን ግን ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። የዲማ ወይም የሞጣ ሠዓሊ «ባሳራ»ን በግድግዳ ላይ እንዲሥል ቢታዘዝ ሹሪን እንዴት አድርጎ ይሥለዋል? በፍል ውሃው ዳር ያለው ወዳጅ በሁለት ዓይን መታየት ይገባዋል፤ መንደር የሚያቃጥለው ቀዩ ንጉሥ ደግሞ በአንድ ዓይን። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሥርዓት ለመሣል ይገደዳል ማለት ነው፤ የድርሰቱም ሙሉ ምሥጢር ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ፊት ላይ የሚገጥሙበትን ሰዓት መጠበቅ ነው። ሹሪ ራሱ በሕፃንነቱ በገዛ አባቱ ትእዛዝ የባሪያ ማኅተም የተተኮሰበት መሆኑ ሲታወቅ፣ በጎን የተሣለው ፊት ቀስ በቀስ ወደ ተመልካቹ መዞር ይጀምራል። ደራሲዋ ከዚህም በላይ ሄደው፣ አጌሃ የተባለውን ሰው፣ ሳራሳን ገና ሕፃን ሳለች ለማዳን ሲል አንድ ዓይኑን የከፈለውን፣ የታሪኩ ታማኝ ወዳጅ አድርገውታል፤ ሁሉን አስቀድሞ የሚያየውም ነቢይ ዓይነ ስውር ነው። በእኛ ሥርዓት አንድ ዓይን የክፋት ምልክት ሲሆን፣ እዚህ የመሥዋዕት ምልክት ሆነ። አኒሜው አጌሃን በመልካም አቀረበ፤ የሹሪን ፊት ግን እስከ መጨረሻው ሳያዞረው ቀረ። የዚህ ሥራ ጉድለት በአንድ ሥዕል ይነገር ቢባል ይህ ነው።

እንግዲህ ሙሉ ገድልን በጥቂት ሥዕል መፈጸም ይቻላልን? ዲማም ሞጣም የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ናቸው፤ የሞጣውን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንደ ተከሉት ይታወቃል። የሰማዕቱ ገድል ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞቶ ብዙ ጊዜ የተነሣበት የሰባት ዓመት መከራ ነው። በየደብሩ የምናየው ሥዕል ግን አንድ ነው፦ ፈረሱ ነጭ፣ ጦሩ በዘንዶው አፍ የገባ፣ ብሩታዊት በዛፍ ላይ። ይህችን አንዲት ቅጽበት የመረጠ ሠዓሊ ከፊቷ ያለውን ፍርሃትና ከኋላዋ የሚመጣውን ምስጋና አብሮ መርጧል። ልጅቱ ገና ከዛፉ አልወረደችም፤ ዘንዶው ገና አልሞተም፤ ነገር ግን ያልተፈጸመ ነገር የለም።

ከዚህ ሰፋ ያለውን ምሳሌ የምናገኘው በክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ 117 ምዕራፍ ሲኖረው፣ ከሁሉ የታወቀው ክፍሉ የበረሃ ጉዞ ታሪክ ነው፦ 520 ግመልና ብዙ መርከብ ያለው ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም ተመልሶ የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥቲቱ ያወራል፤ ንግሥት ማክዳም በ797 ግመል ጭና ትነሣለች። ይህን ታሪክ የአገራችን ሠዓሊዎች በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን፣ በአራት ረድፍ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ አድርገው ሲሥሉት ኖረዋል። ሠዓሊው በመጽሐፉ የሌለውን ከሕዝቡ አፍ ወስዶ፣ ዘንዶው ነግሦ ልጃገረድ ይገበርለት ከነበረበት ዘመን ይጀምራል፤ መጽሐፉ በሰፊው ያተታቸውን ሃይማኖታዊ ምዕራፎች ግን ያልፋቸዋል። ከዚያ ቅመም የበዛበት ግብር፣ ከዚያ ሌሊቱ፣ ከዚያ የውሃው ማድጋ። በዚህች ሳጥን ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፦ ንግሥቲቱ በጥም ተነሥታ እጇን ወደ ውሃው ዘርግታለች፤ ሰሎሞን ከመኝታው ተነሥቶ እጇን ይዟታል። ቀን በማዕዱ ላይ የበዛው ቅመም ለምን እንደ ነበረ በዚህች እጅ ይገለጣል፤ የሚቀጥሉት ሳጥኖች ሁሉ፣ ቀለበቱም፣ የቀዳማዊ ምኒልክ መወለድም፣ የታቦተ ጽዮን መምጣትም፣ ከዚህች እጅ የወጡ ናቸው። ሸራውን የሣለው ሰው አርባ አራት ሳጥን ብቻ እንዳለው ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ስለዚህ በዐሥረኛው ሳጥን ላይ ሆኖ አርባ አራተኛውን ያስባል። የ«ባሳራ» ሠሪዎች ከዚህ ስሙ ካልታወቀ የሸራ ሠዓሊ ሊማሩ የሚገባቸው ትልቅ ነገር ነበር።

ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ምንም ሳያሳጥሩ ለመጽሐፉ የሚገባውን ጊዜ ሁሉ መስጠት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሲተረክ፣ በየሳምንቱ የሚጠብቀው ሕዝብ ማንበብ የማይችለውንም የሚያጠቃልል ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣ፣ በዛብህና ሰብለ እያንዳንዳቸው በዚያ አንድ ጕረሮ ውስጥ የየራሳቸው ድምፅ አላቸው። ሥዕል የለ፣ ልብስ የለ፣ የዓባይ ገደል የለ፤ ያለው ጊዜና ድምፅ ብቻ ነው። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን ለ«ባሳራ» ያልሰጠው ይህን ነው።

አሁን የቢቸናና የሞጣ ወጣት የጃፓንን አኒሜ በእጅ ስልኩ እያየ ነው፤ ሥዕል የሚችለውም ከመካከሉ አይጠፋም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዐሥራ ሦስት ክፍል ተንቀሳቃሽ ሥዕል እሠራለሁ የሚል ሰው ቢነሣ፣ የ«ባሳራ»ን ስሕተት እንዳይደግም ክፍሎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር ይኖርበታል። የዓባይ ዳሩ መገናኘት፣ በዛብህ በሽፍቶች ተደብድቦ በሞት አፋፍ ሳለ ሰብለ በምንኵስና ልብስ የምትደርስበት፣ ሙሉ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ከዚያ የሚከተለው የእርሷ ብቸኝነትና የሦስቱ፣ የበዛብህ፣ የሰብለና የጉዱ ካሣ፣ መቃብር ደግሞ ሌላ ክፍል። ፊታውራሪ በአበጀ በለው የሚማረኩበት ጦርነት በመካከል፣ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ፣ ቢቆም ይበቃዋል። የማንኩሳው ልደትና የወላጆቹ የቦጋለና የውድነሽ ታሪክ በመጽሐፉ እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ከአንድ ክፍል እኩሌታ በላይ ሊሰጠው አይገባም፤ ይህን ለመቁረጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ያልተቆረጠ ነገር ኋላ ከሰብለ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ዲማ በቃል ሳይሆን በሥዕል ትነገር፤ የተማሪው ጎጆ፣ ደበሎው፣ አኰፋዳው፣ ሌሊት በመምህሩ ደጅ የሚሰማው የቅኔ ድምፅ፣ እነዚህ ሳይንቀሳቀሱ የሚናገሩ ነገሮች ናቸው።

አስቸጋሪው ጉዱ ካሣ ነው። ሥራው መናገር ብቻ የሆነ ሰው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ ምን ያደርጋል? በዚህ ላይ ግን የጃፓኖቹ የቁጠባ ዘዴ ሳይታሰብ ይረዳል፤ ሰውን አቁሞ አፉንና ዓይኑን ብቻ ማንቀሳቀስ ለጦር ሜዳ ድህነት ቢሆን ለጉዱ ካሣ ግን ተስማሚ ልብስ ነው። ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ልማድና ስለ ፍርድ የሚናገረው ሁሉ ሳይቆራረጥ እንዲሰማ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የእርሱ ፊት ብቻ፣ ያውም በሙሉ ገጽ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ፣ በሸራው ላይ ሊቆይ ይገባል፤ ዘመዶቹ እብድ ነው ብለው በጎን የሣሉትን ሰው ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚያየው ያን ጊዜ ነውና።